ሉቃስ ትናንት ወጥቷል

ባለፈው ጳጉሜ 3 ማታ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ደረሰኝ። ፎቶው ላይ ያለው እኔ የሠራሁት የአዲስ ዓመት ካርድ ነው። ሲከፈት ከመሃሉ አንዲት ትንሽ የልጅ እጅ እየዞረች ትወጣና የያዘችውን አደይ አበባ ወደሚያየው ሰው ትዘረጋለች። ከሥሩ «ጤና ይስጥልኝ። ይህን ካርድ የሠሩት እርስዎ ነዎት?» ይላል።

አድናቂ መስሎኝ ነበር። «አዎ እኔ ነኝ፣ አመሰግናለሁ» አልኩና አበባ ጨመርኩበት። ወዲያው ሁለተኛ ፎቶ መጣ። ሌላ ካርድ ነው፤ ሲከፈት ጀበና አዘንብሎ ወደ ሲኒ ይቀዳል። ይህን ካርድ አውቀዋለሁ። የዛሬ ዓመት ባዛር ላይ በ200 ብር ገዝቼ፣ ማታ ቤት ወስጄ፣ በምላጭ ገነጣጥዬዋለሁ።

«ይህን ደግሞ የሠራሁት እኔ ነኝ» ይላል ጽሑፉ።

መልስ መጻፍ ጀመርኩ፣ አጠፋሁት። ደግሞ ጀመርኩ፣ ደግሞ አጠፋሁት። «እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት ስንት ጊዜ መጥቶ እንደሄደ በእሷ በኩል ይታያል። በመጨረሻ የላክሁት አንድ ቃል ነው፦ «ይቅርታ»። ግን ይቅርታ የጠየቅኩት በትክክል ስለምን እንደሆነ ያኔ ብትጠይቁኝ አልመልስላችሁም ነበር። መገልበጥ እኮ ሥራዬ ነው።

*

ቀን ቀን ኮድ እጽፋለሁ። የምሠራው ነገር ሁሉ ከስክሪን ጀርባ ነው፤ አይዳሰስም፣ አይሸትም። የዛሬ ሁለት ዓመት እህቴ ስትመረቅ የገዛሁላት ፖስትካርድ ውስጡ በእንግሊዝኛ የታተመ ግጥም ነበረበት። (ፖስታ ቤት የማይሄደውንም ካርድ ሁሉ ፖስትካርድ ማለታችንን እወደዋለሁ።) አነበብኩት። እኔ ለእህቴ እንዲህ ብዬ አላውቅም። ካርዱን ትቼ ማኒላ ወረቀት፣ ኮላና መቀስ ገዛሁ። በዚያው ቀረሁበት። አሁን ማታ ላፕቶፑን ስዘጋ ምላጩን አነሳለሁ።

ካርድ መሥራት የተማርኩት እንደማንኛውም ሰው የሌላ ሰው ካርድ እያየሁ ነው። ውጭ አገር ያሉ ካርድ ሠሪዎች ለዚህ ቃል አላቸው፤ «ኬዝ ማድረግ» ይሉታል። «ቅዳ፣ ሁሉንም አካፍል» ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ የመጀመሪያ ፊደላት የወጣ ነው። አንዳንዶች ደግሞ ያንኑ ቃል «ቅዳና እየመረጥክ ቀይር» ብለው ይፈቱታል። የአንድን ሰው ካርድ ታያላችሁ፣ ቀለሙንና ሥዕሉን በሐሳባችሁ ገፍፋችሁ አጥንቱን ብቻ ታስቀራላችሁ፦ እዚህ ሰፊ ሳጥን፣ እዚያ ቀጭን መስመር፣ ጥግ ላይ ክብ። ከዚያ አጥንቱን ታዞሩታላችሁ፣ ወይ ትገለብጡታላችሁ፣ የራሳችሁን ሥጋ ታለብሱታላችሁ። ነውር አይደለም። እንዲያውም መማሪያው ይሄ ነው።

የጀበናዋ ካርድ ግን አጥንቷ ከውጭ አይታይም። ለዚህ ነው ምላጭ ያነሳሁት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ካርዱ የሚታጠፍበት መስመር ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ለሁለት የታጠፈች ትንሽ ወረቀት እንደ ጣራ ተጋድማ ትለጠፋለች፤ አንዱ ክንፏ ከመስመሩ ግራ፣ ሌላው ቀኝ። ሁለቱ ክንፎች ከመስመሩ ጋር የሚሠሩት አንግል እኩል መሆን አለበት፤ ካልሆነ ካርዱ ሲዘጋ ይጨማደዳል። ካርዱ ሲከፈት ጣራዋ ትነሳለች። በአንዱ ክንፏ ላይ ረዘም ያለ ክንድ ከለጠፋችሁ፣ ክንዱ አየር ላይ ቅስት እየሠራ ይዞራል። በጣም ከረዘመ ደግሞ ካርዱ ሲዘጋ ጫፉ ወደ ውጭ ሾልኮ ይወጣል። በቃ፣ ጂኦሜትሪ ነው።

ሁሉንም በማስመሪያ ለካሁ። ከክንዱ ሥር አንዲት ጠባብ ቁራጭ ተለጥፋለች፤ 4 ሚሊ ሜትር በ30። ምን እንደምትሠራ አልገባኝም። ማጠናከሪያ መሆን አለባት አልኩና እኔም 4 በ30 ቆረጥኩ።

ከዚያ መቀየር ጀመርኩ። ጀበናውን አውጥቼ የልጅ እጅ ከተትኩ። ሲኒውን አስወገድኩ። ቡናማው ቢጫ ሆነ። ጠርዙን ከእናቴ ነጠላ ጥለት ባየሁት አስጌጥኩት። ጽሑፉንም በራሴ እጅ ጻፍኩ። ሥዕሉ ተቀየረ፣ ቀለሙ ተቀየረ፣ ጽሑፉ ተቀየረ። ሦስት ለዜሮ! የእኔ ሆነ አልኩ።

የጓደኛዬ እህት የስጦታ ዕቃ ሱቅ አላት። ካርዱን አይታ «60 ሥራልኝ» አለችኝ። ዋጋ ስትጠይቀኝ ወረቀቱንና ኮላውን አሰብኩና «120 ብር ይሸጥ» አልኳት። የእኔን ሰዓት አልቆጠርኩም። የእኔን ሰዓት ቢሮዬ ይከፍላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ካርዶቹን ሳስረክብ የጀበናዋ ካርድ መደርደሪያው ላይ ነበረች። 250 ብር የሚል ዋጋ ተለጥፎባታል። የእኔን ከአጠገቧ ስትደረድር ቆሜ አይቻለሁ። ያኔ የተሰማኝ ሐፍረት አይደለም። ደስ ያለኝ የእኔ መርከሱ ነው።

*

ያን ምሽት ከ«ይቅርታ» በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እንደ ጥሩ ኢንጂነር ችግሩን ማንበብ ጀመርኩ። በእውነቱ የምፈልገው መፍትሔ ሳይሆን ጠበቃ ነበር።

መጀመሪያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጁን ከፈትኩ፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996። ግማሹ ለእኔ ቆመ። ሐሳብ፣ ዘዴ፣ የአሠራር ሥርዓት በቅጂ መብት አይጠበቅም ይላል። ክንዱ ዘዴ ነው፤ ስለዚህ የማንም አይደለም። ግማሹ ደግሞ ለእሷ ቆመ። አንድን ሥራ ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት የሥራው ባለቤት ነው፤ ሥራው የእኔ ነው ብሎ ስምን የማስጠራት መብትም እንዲሁ። እንግዲህ እጇ ከጀበናው «የተለወጠች» ናት ወይስ ዘዴውን ብቻ የወሰደች? ይህን አዋጁ በእኔ ፈንታ አይመልስልኝም።

ቀጥዬ የካርድ ሠሪዎቹን ሕግ አየሁ። በአሜሪካ የጎማ ማኅተም እየመቱ ካርድ የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ማኅተሙ ላይ ያለው ሥዕል የአምራቹ ነው፤ ካርዱን የሠራው ሰው ግን ሌላ ነው። ታዲያ ካርዱን መሸጥ ይቻላል? የሚፈቅዱትን አምራቾች «መልአክ ኩባንያ» ይሏቸዋል፤ ፈቃዱም «የመልአክ ደንብ» ይባላል። የተለመደው ቅድመ ሁኔታ እያንዳንዱን ካርድ በእጅህ ምታ፣ በማሽን አታባዛ የሚል ነው። በእጅ መሥራት በራሱ ልክ አለው፤ አንድ ሰው በአንድ ማታ ስንት ሊመታ ይችላል? እኔም በእጄ ነው የሠራሁት ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ።

ወደ ራሴ ሙያም መጣሁ። እኛ ዴቨሎፐሮች ሌላው የጻፈውን ሳንወስድ አንድ ቀን አንውልም። ጊትሃብ ላይ የሰው ፕሮጀክት ፎርክ አድርጎ መቀጠል እንደ ሰላምታ ነው። ግን እኛም ደንብ አለን። ጂፒኤል የሚባለው ላይሰንስ «ቀይረህ ለሌላ ካከፋፈልክ የቀየርከውንም በዚሁ ደንብ ክፍት አድርግ» ይላል። ኤምአይቲ ላይሰንስ ደግሞ ከሁሉ ለጋሱ ነው፤ ውሰድ፣ ቀይር፣ ሽጥ ይላል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከላይ ያለውን የባለቤትነት ማስታወቂያ አትቅደድ። ስሙን ተወው።

እኔ 60 ካርድ ሠርቼ ጀርባቸው ላይ የጻፍኩት የራሴን ስም ብቻ ነው።

*

እንቅልፍ ባጣሁበት መሃል ትዝ ያለኝ ደግሞ ሕግ አይደለም፤ የሠፈራችን አንድ ልጅ ነው።

1999 ዓ.ም. ማለቂያው ላይ ጳጉሜ 6 ቀን ነበረች። እኔ አሥር ዓመቴ ነው። ከተማው ሁሉ ሚሌኒየም ሚሌኒየም ይላል። ሴቶቹ አበባየሆሽ ይለማመዳሉ፤ እኛ ወንዶቹ የእንቁጣጣሽ ሥዕል እንሠራለን። መስከረም 1 ጠዋት ቤት ለቤት እየዞርክ ትሰጣለህ፣ ሃምሳ ሳንቲም ወይ አንድ ብር ትቀበላለህ፣ ካለም ዳቦ ትቆርሳለህ። በእጅ የተሠራ ካርድ ማለት ለእኔ መጀመሪያ እሱ ነው።

ማዶ ያለው ልጅ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። እናቱ እንጀራ ጋግራ ነው የምታሳድገው። ሥዕል ሲሥል ግን ሠፈሩ ይሰበሰባል። መልአኩ ትላልቅ ዓይኖቹን ወደ ጎን ሰብሮ ያያል፤ ክንፎቹ ከአገጩ ሥር ይነሳሉ። ባለፈው ዓመት ለእናቴ ሰጥቷት እናቴ ቡፌው መስታወት ላይ ለጥፋዋለች። እኔ አበባ እንኳን ቀጥ አድርጌ አልሥልም። ወረቀት ዘይት ቀብቼ እንደ መስታወት አሳለፍኩት፤ መልአኩ ላይ ጣል አድርጌ ተከተልኩት። ጀርባውን በእርሳስ አጥቁሬ ደህና ወረቀት ላይ አተምኩ። ጳጉሜ አንድ ቀን ተጨምሮላታል፤ ሃያ አደረስኩ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሌላው ልጅ ሳይነሳ፣ ወጣሁ። ጡረታ የወጡ ወታደር ጎረቤታችን ጋ ስደርስ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። «እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገራችሁ።» ከዚያ በሳቅ ፈረሱ። «አንተ! ሉቃስ እኮ ትናንት ወጥቷል! ዮሐንስ ነው የገባው!»

የባለፈውን ዓመት ሥዕል ስገለብጥ ጽሑፉንም አብሬ ገልብጬዋለሁ። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ በየዓመቱ እንደሚፈራረቁ አጥቼው አይደለም። እጄ ሲገለብጥ ጭንቅላቴ ስለማያነብ ነው።

ብሩን ግን ሰጡኝ። «ይሄ መልአክ የማዶዋ ሴትዮ ልጅ አይደል እንዴ?» አሉ እየሳቁ። ዝም ብዬ ሮጥኩ።

ልጁ ከእኔ ኋላ ሲዞር ብዙ ቤት «ተቀብለናል» ብለውታል። የእኛም ቤት መጣ። እናቴ ብር ልታመጣ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ የተረፉትን የእኔን መላእክት አየ። አንዱን አነሳው። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። «ሉቃስ ብለሃል» አለኝና መልሶ አስቀመጠው። ሌላ ምንም አላለኝም። በቀጣዩ ዓመት መልአኩ ክንፍ ላይ፣ ከላባዎቹ መሃል፣ ትንሽ ክብ ምልክት አስገብቶ ነበር። ፊርማ መሆኗ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ልጁም መልአኩን ከባዶ አላመጣውም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጎንደር ሄጄ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ እነዚያን ፊቶች ሳይ ክው ብያለሁ። ክንፎቹ፣ ዓይኖቹ፣ ሁሉም። በካላንደርና በፖስተር ሠፈራችን ድረስ መጥተው ነበር ማለት ነው። ሠዓሊዎቹም ቢሆኑ ከሌላ አይተዋል። ሮም፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችው የማርያም ሥዕል ቅጂዎቿ በኢየሱሳውያን በኩል እዚህ ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1591 ሮም ላይ የታተመ የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎችንም የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎቻችን አይተው ሠርተዋቸዋል። የሮሟ ማርያም በተጣመሩት እጆቿ ትንሽ መሐረብ ይዛለች፤ የሹመት ምልክት ነበር። የእኛዎቹ ልብሷን፣ ፊቷን፣ ቀለሟን ለወጡ፤ እጆቿንና መሐረቧን ግን ጠበቁ። ዛሬ ያንን አቀማመጥ አይቶ «የሮም ነው» የሚል አማኝ የለም። የእኛ ነው።

ታዲያ እነሱ ሲያደርጉት ቅርስ፣ እኔ ሳደርገው ስርቆት የሚሆነው ለምንድን ነው? ጳጉሜ 5 ቀን ስድስት ኪሎ አካባቢ ወዳለ ካፌ ስሄድ ይህን ጥያቄ እንደ መከላከያ ይዤ ነበር።

*

አርባ ቤት ውስጥ ያለች ሴት ናት። መዋዕለ ሕፃናት አስተምራ ሥራውን ከተወች ቆይታለች፤ አሁን የምትኖረው በካርድና በዲኮር ነው። «እርስዎ» ስላት «አንቺ በለኝ፣ አላረጀሁም» አለችኝ፤ እሷ ግን ወዲያው «አንተ» ብላኛለች። የእኔን ካርድ ከቦርሳዋ አወጣችና ከፈተችው። እጇ አበባዋን ይዛ ዞረች። «ቆንጆ ናት» አለች። «ልጅ ያለባት ካርድ አስቤ አላውቅም።»

ከዚያ በጥፍሯ ከክንዱ ሥር ያለችውን ቁራጭ ነካች። «ይቺ ምን ትሠራለች?»

«ማጠናከሪያ ናት» አልኩ። «...መሰለኝ።»

ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «አምና የገዛሁት ወረቀት ስስ ነበር። ክንዱ ሥሩ ላይ እየተቀደደ አስቸገረኝ። መቶ ያህል ቆርጬ ስለነበር መጣሉ አሳዘነኝና ለጠፍኩበት። ፕላስተር ናት። ዘንድሮ ወፍራም ወረቀት ስላገኘሁ ትቻታለሁ።» ካርዴን በጣቷ ዳሰሰችው። «ያንተ ደግሞ ከእኔም ወፍራም ነው።»

60 ጊዜ። ያልቆሰለ ክንድ ላይ 60 ጊዜ ፕላስተር ለጥፌያለሁ። ጆሮዬ ውስጥ የእኚያ ጡረተኛ ሳቅ መጣ። በየቢሮው እንዲህ ያለ ኮድ አለ፤ ሰው ከስታክ ኦቨርፍሎው አምጥቶ የለጠፈው፣ ለምን እንዳለ ማንም የማያውቀው፣ ግን «አትንኩት» የሚል ማስታወሻ ያለው መስመር።

መከላከያዬን ግን አልተውኩም። «ክንዱ ዘዴ ነው» አልኳት፤ «የማንም አይደለም።»

«አዎ፣ የእኔ አይደለም» አለች። «ትምህርት ቤታችን በእርዳታ የመጣ የልጆች መጽሐፍ ነበር። ስትከፍተው አዞ አፉን ይከፍታል። እኔም ገንጥዬዋለሁ። የትምህርት ቤት ንብረት! ኋላ ሌሊቱን ሙሉ በኮላ ስመልስ አደርኩ።»

«ታዲያ ምኑ ነው ያስከፋሽ?»

ቡናዋን አማሰለች። «ጀበናው አፉ ሲኒው ላይ መድረስ አለበት። ትንሽ ካለፈ ጠረጴዛው ላይ ይደፋል፣ ካልደረሰ የሚለምን ይመስላል። አሥራ አንድ ጊዜ ሠርቼ ጥያለሁ። አንተ ስንት ጣልክ?»

«አንድም።»

«120 ብር የሆነው ለዚያ ነዋ።»

ዝም አልኩ። ቀጠለች፦ «መገልበጥህ አይደለም። እኔም ገልብጬ ነው የተማርኩት። ስሜን ብትጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ባትጽፍም አልሞትም። ግን ከእኔው በተማርከው፣ አጠገቤ ቆመህ፣ በግማሽ ዋጋ ትሸጣለህ እንዴ? አንተ ደመወዝ አለህ። እኔ የመስከረምን የቤት ኪራይ የምከፍለው በዚህ ነው።»

የሮሟን ማርያም ይዤ የመጣሁት ለዚህች ሴት ልነግራት ነበር። አላወራኋትም። የጥያቄዬ መልስ አጠገቤ ተቀምጧል። የጎንደር ሠዓሊ የሮምን ሠዓሊ ገበያ አልነጠቀም። እኔ ግን በአሥር ዓመቴ የማዶውን ልጅ ቀድሜ ቤቶቹን አንኳኩቻለሁ፤ በሃያ ስምንት ዓመቴም እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ እዚያው ሳምንት ላይ ቆሜያለሁ። መልአኩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ለክርክር ይመቻል። በሩን ማን ቀድሞ አንኳኳ የሚለው አይመችም።

60ዎቹ ውስጥ 38ቱ ተሸጠዋል። ገንዘቡን ልስጥሽ አልኳት፤ እምቢ አለች። የቀሩትን ላውጣቸው አልኩ። «በዋዜማው ማውጣት ምን ይጠቅመኛል? ከእኔ እኩል አድርጋቸው፤ ጀርባው ላይም ጻፍ» አለች። ያን ማታ ሱቁ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ በ22ቱ ካርዶች ጀርባ «የክንዱን አሠራር የተማርኩት ከጀበናዋ ካርድ ነው» ብዬ ከነስሟና ከነስልኳ ጻፍኩ። ዋጋውን 250 አደረግነው። ዘጠኙ ተሸጡ። የእሷ ስንት እንደተሸጠ አልጠየቅኩም።

*

ስንለያይ የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነበር። «ቅዳሜ ቅዳሜ መቁረጥ ትችላለህ?» ጥቅምትን ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ እየሄድኩ ለገና የምትሸጠውን ቆረጥኩ።

ሰው የሠራውን ወስዶ የራስ ማድረግ ምን እንደሆነ እዚያ ትንሽ ገባኝ። የደረስኩባቸውን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ የወደዳችሁትን ካርድ በደንብ እዩትና ደብቁት። ከትዝታ ሥሩ። የረሳችሁት ቦታ ላይ የእናንተ ይገባል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ «አንቺ ለምን እዚህ አለሽ?» በሏት። መልስ ካላገኛችሁ አውጧትና ካርዱ ምን እንደሚሆን እዩ፤ ወይም ሠሪውን ጠይቁ። ምክንያቱን የማታውቁት ነገር ገና የሰው ነው። ሦስተኛ፣ ቤታችሁ ውስጥ ስትለማመዱ እንደፈለጋችሁ ገልብጡ፤ ለጓደኛ ስትሰጡ ስም ጥሩ፤ ልትሸጡ ከሆነ ግን ከተማራችሁበት ሰው አጠገብ ከመቆማችሁ በፊት ስልክ ደውሉ።

በምላሹ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩላት። የካርዱን ስፋትና የክንዱን ርዝመት ስታስገባ አንግሉን አስልቶ የሚቆረጠውን ቅርጽ ይሥላል፤ ክንዱ ሲዘጋ ሾልኮ የሚወጣ ከሆነም በቀይ ያስጠነቅቃል። ኩራቴ አይጣል! ወረቀት አትማ አንዱን ሠራች። ካርዱ አልዘጋም። «የወረቀቱን ውፍረት የት አገባኸው?» አለችኝ። አላገባሁትም። ስክሪን ላይ ወረቀት ውፍረት የለውም።

ከዚያ የራሴን የገና ካርድ ጀመርኩ። ክንዱ ይዞራል፤ የሚዞር ነገር ምን አለ ብዬ አሰብኩ። የገና ጨዋታ! ካርዱ ሲከፈት ዱላው ዞሮ ሩሯን ይመታል፣ ሩሯ በተቃራኒው ትሄዳለች። ይህ ደግሞ ሁለተኛ ጣራ ይፈልጋል፣ ወደ ሌላኛው ወገን ያዘነበለ፤ ሁለቱ ጣራዎች ደግሞ ካርዱ ሲዘጋ መጋጨት የለባቸውም። መጀመሪያው ላይ ዱላው ሩሯን አልፏት ሄደ። ሦስተኛው ላይ ሩሯ ቀድማ ሸሸች። አምስተኛው ጭራሽ አልተከፈተም። እየጣልኩ ስቆጥር የእሷ አሥራ አንድ ለምን እንዳልረሳት ገባኝ። የተጣለ ካርድ አይሸጥም፤ ዋጋው ግን የሚሸጠው ላይ ይገባል።

ዘጠነኛው ሠራ። ወሰድኩላት። ከፈተችው፤ ዱላው ዞረ፣ ሩሯ ሄደች። ዘጋችው፣ ደግማ ከፈተችው። ጀርባውን አገላበጠች። የእኔ ስም አለ፤ «ክንዱ ከጀበናዋ ካርድ፣ ጀበናዋም ከአንድ አዞ» የሚል አለ። ሳቀች።

ከዚያ ጥፍሯ ወደ ዱላው ሥር ሄደ። አንዲት ጠባብ ቁራጭ ተለጥፋለች።

«ይቺስ?»

«ዱላው ሲመታ እዚያ ጋ ይቀደዳል። ፕላስተር ናት።»

ዱላውን ቀስ ብላ ሳበችው፤ ያዘ። «እሺ» አለችና ዋጋውን ስንት እንዳሰብኩ ጠየቀችኝ።